ከገለባ እስከ ልብስ ሰፊው በር

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሠፈሩ የእናት የአባታቸውን ስም ትቶ «አባ ኳኳታ» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ጭነት የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እቤት ይዋሉ ሲባሉ እጃቸው አላርፍ ብሎ ጓሮ ውስጥ ምድጃ ተከሉ። ምድጃው የተጣለ የመኪና ጎማ ቸርኬ ነው። ወናፉ የልጃቸው አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ደግሞ ከአንድ የድሮ ወዳጃቸው ለምነው ያመጡት የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሲሆን፣ ሌላው ሽማግሌ የልጅ ልጁን በሚያይበት ዓይን ነው እሳቸው ያንን ሐዲድ የሚያዩት።

ልጃቸው መኪና ቀለም ቤት ውስጥ ቀለም ቀማሚ ናት። የተፋቀ በር ሲያመጡላት አንዴ አየት ታደርገውና፣ ከዚህም ከዚያም ጠብ ጠብ አድርጋ ያንኑ ቀለም ቁጭ ታደርገዋለች። ቀለሚቱ የተባለችው ለዚህ ነው። ራሷን ችላ ከወጣች ቆይታለች፤ እሑድ እሑድ ግን ከአባቷ ጓሮ አትጠፋም።

ድሮ አባትና ልጅ ይህን ያህል የሚያወሩት አልነበራቸውም። አባት ማታ ደክመው ሲገቡ «በላሽ?» ይላሉ፣ እሷም «በላሁ» ትላለች፣ በቃ፣ ጨዋታው አለቀ። አሁን ብረቱ ሲግል የሁለቱም አፍ ይፈታል። እሷ ጉጠቱን ይዛ እሳቸው መዶሻውን እያነሡ፣ የሹፌሮችን ውሸት፣ የወጣትነታቸውን እብደት፣ እናቷን ለማግባት የተንከራተቱትን ሳይቀር ያወሩላታል። እሷ ግን ከወሬው ይልቅ መዶሻውን ነው የምታየው። ኃይል ሳያበዛ፣ ሳይቸኩል ይወርዳል፤ ብረቱም ቁጣ እንደሚያውቅ ልጅ ወደተፈለገበት ይሄዳል። በየቀኑ ሰው የሚያደንቃት ቀለሚቱ፣ እዚያ ጓሮ ውስጥ አፏን ከፍታ የምትቆም አድናቂ ናት።

የተያዘው ሥራ የእናትየው ቢላዋ ነው። አሮጌው በመሳል ብዛት ቀጥኖ ቀጥኖ መርፌ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበርና፣ አባ ኳኳታ ከባሌስትራ የተሠራ፣ ልጅ የሚወርሰው ቢላዋ እሠራልሻለሁ ብለው ቃል ገቡ። እናትየው በበኩላቸው ቃሉን ተቀብለው፣ አሮጌውን ቢላዋ ለክፉ ቀን ደበቁት።

እንዲህ ያለ ቢላዋ ቅርፁ ከወጣ በኋላ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል። (ዘይቱ የእናትየው የምግብ ዘይት ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ ተጨቃጭቀውበታል።) ከዘይቱ ሲወጣ ደረቅ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ይወለወልና በጋለ ወፍራም ብረት ላይ ይጋደማል። ያኔ በተወለወለው ገጹ ላይ ቀለም መሄድ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከዚያ ቀይ ሥር፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ልጣጩ ላይ ሲደርስ አንስቶ ውኃ ውስጥ መጨመር ነው። ከፈጠኑ ቢላዋው ይሰበራል፤ ከዘገዩ ይለሰልሳል።

የመጀመሪያው ቢላዋ ከጠረጴዛ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። አባ ኳኳታ ባሌስትራውን ወቀሱ። ሁለተኛውን ከውኃው አውጥተው በጨርቅ ጠረጉና ለልጃቸው እያሳዩ «ልጣጭ ነው፣ አይደል?» አሏት።

ቢላዋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ነበር፤ ቁርጥ የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊውን በር። አባቷ ግን ከልባቸው ነው የሚጠይቋት። ዓይናቸውን ጭጋግ መሰል ነገር እንደጋረደው ያን ጊዜ ገባት።

«አዎ አባዬ፣ ልጣጭ ነው» አለች።

በማግሥቱ ቢላዋው አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደ ማንኪያ ጎበጠ፤ ጎብጦም ቀረ። እናትየው የደበቁትን አሮጌ ቢላዋ አወጡና ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ይኸ ከስድብ ይብሳል። አባ ኳኳታ የጎበጠውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ሦስተኛው ካልያዘ ሐዲዱን ለጋራዥ ልጆች ሰጥተው ፀሐይ እየሞቁ እንደሚቀመጡ ተናገሩ።

ፀሐይ መሞቅ ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። ቀለሚቱ ግን ፀሐይ ሊሞቁ ተቀምጠው፣ ቀስ በቀስ ከወንበሩ ጋር አንድ የሆኑ ጡረተኞችን አይታለች። ደግሞ ሐዲዱ ከሄደ እሑድስ ምን ተብሎ ይመጣል? ያው «በላሽ?»፣ «በላሁ» ሊመለስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቀለም እየቀመመች ያንን አንድ «አዎ» ስታላምጥ ሰነበተች። እውነቱን ብትነግራቸው ልባቸው ይሰበራል፤ ዝም ብትል ቢላዋው።

እሑድ ጠዋት መጣች። ቢላዋው ተቀጥቅጦ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ተወልውሎ ቀረበ። የጋለው ብረት ላይ ሊጋደም ሲል፣ እግረ መንገዷን እንደምታወራ ሰው ጀመረች። እነሱ ቀለም ቤት የሚረጨው ሰው ቀለም አይፈርድም፣ ዓይኑ ይለምድና ይሸውደዋል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ከጎኑ ቆሞ ይጠራለታል አለች። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ያው እንደ ሙያዋ ቀባችው።

አባ ኳኳታ ጉጠቱን እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ «እንግዲያው እኔ ምን ልሁን?» አሉ።

«እጅ።»

«አንቺስ?»

«አፍ።»

«እሱን እንኳ ድሮም ነሽ» አሉና ቢላዋውን አጋደሙት።

መጀመሪያ አልተግባቡም። እሷ በቀለም ቤቱ ቋንቋ ፈዘዝ ያለ፣ ደመቅ ያለ፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ እያለች ስትደረድር፣ እሳቸው የሚያውቁትን ነገር እንድትጠራላቸው ጠየቁ። ስለዚህ ገለባን ገለባ፣ ልጣጭን ልጣጭ፣ ሰማያዊውን ደግሞ የልብስ ሰፊው በር ብላ ትጠራው ገባች። ያንን በር ዓይናቸው ደህና እያለ ስንቴ አይተውታል።

«ገና ነጭ ነው» አለች። «ገና... አሁን ከጀርባው በኩል ገለባ መጣ።»

የአባቷ እጅ ወደ ቢላዋው ተንቀሳቀሰ።

«ገና አባዬ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ያ እጅ ዕድሜ ልኩን ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ቀለሚቱ አንድ ጊዜ ከተሳሳተች ሐዲዱ ተጭኖ መሄዱ ነው። ዓይኗን ሳትነቅል ቀለሙ ሲጠቁር፣ ሲቀላ፣ ስለቱ ጋ ሲደርስ ጠበቀች።

«ከልጣጭ ከዘለለ የልብስ ሰፊው በር ላይ ነን» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከአጥሩ ማዶ ልብስ ሰፊው እንግዳ የመጣበት መስሎት በሩን ከፈተ።

«ልጣጭ። አሁን!»

ውኃው ቸስስ አለ።

ቢላዋው ሲቀዘቅዝ አባ ኳኳታ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አጥብቀው አሰሩትና በመዳፋቸው ገፉት። ጎበጥ አለ። ሲለቁት ምንም እንዳልተነካ ሰው ተመልሶ ቀጥ አለ። ደግመው ገፉት፤ ደግሞ ተመለሰ። ከዚያ ቁጭ አሉና በሸማቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ቀለሚቱ የምትገባበት አጣች። «በሁለተኛው።»

«እና ልጣጭ ነው አልሽኝ።»

«አልኩህ።»

«ውሸታም» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ቁጣ የለም። «እኔ ከመጀመሪያውም በፊት አውቄዋለሁ። ዓይኔ ደከመ ብልሽ፣ ሐኪም ቤት አድርሰሽኝ እሑድን ልታስቀሪብኝ ነው ብዬ ደበቅኩሽ።»

ልጅቷ አባቷን አየቻቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስታላምጠው የከረመችውን ፍርሃት፣ ለካ እሳቸውም ጓዳቸው አስቀምጠው ሲጠብቁት ኖረዋል። የፀጉር ማድረቂያውን ሶኬት ነቅላ ገመዱን ጠቀለለች።

እናትየው ቢላዋውን ተቀብለው ዱባ ላይ አሳረፉት። ዱባው ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለ። ቢላዋውን ወደ ብርሃን አንሥተው ገለበጡት፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ አሮጌውንም ወስደው ከመሳቢያው ሥር ወረወሩት። የእሳቸው ምስጋና ይኸው ነው። ወዲያው ግን የዘይቱን ጠርሙስ አንሥተው ባዶነቱን እያሳዩ በሩ ላይ ቆሙ።

አባ ኳኳታ እንዳላዩ ሆኑ። ዓይናቸው ለዚህ ለዚህስ መድከሙ ደግ ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት ለመሄድ እሺ አሉ፤ ቀለሚቱ እንድትወስዳቸውም ተስማሙ።

«ዓይኔ ቢመለስም ግን» አሏት ሐዲዱን በጨርቅ እየሸፈኑ፣ «ጠሪዋ አንቺው ነሽ። ልብስ ሰፊው ደግሞ የጨርቅ መቁረጫ ይፈልጋል፤ በሩን ከከፈተልን አይቀር።»