ክፉ ጎረቤት ተፈለገ

የቴሌቪዥን ሰዎቹ ኮረብታው አናት ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የሊማ ዳርቻ ደረጃ ለእንግዳ አይራራም። ዶኛ ኦርቴንሲያ ውሃ አቅርባ፣ ካሜራቸው የሚያርፍበትን ጠረጴዛ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ተቀበለቻቸው። ባሏ ዶን ሴቨሪኖ በስኳር በሽታ አንድ እግሩን ካጣ ወዲህ ያንን ደረጃ በራሱ ወርዶት አያውቅም፤ ሐኪም ቤት የሚሄደው ጎረቤቶቹ በወንበር ተሸክመውት ነው። «ልብ ይስማ» የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፣ ታሪኩ ተመልካች የሚያስለቅስ ከሆነ ሰው ሠራሽ እግር ይሰጣል።

አዘጋጁ ሬናቶ የሰውን ችግር እንደ ሐብሐብ መታ መታ አድርጎ መብሰሉን የሚያጣራ ሰው ነው።

«እና እግራቸው ሲቆረጥ ማን ረዳችሁ?» አላት።

«ሰፈሩ ነዋ!» አለች ኦርቴንሲያ ደረቷን ነፍታ። «ደጋግመው ፖያዳ አደረጉልን። አበልጄ ኢሳውራ ዶሮውን ቀመመች፣ ወንዶቹ ድምፅ ማጉያ ተከራዩ። ጭፈራው ለጉድ ነበር!»

የፖያዳ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሲቸገር ሰፈሩ ዶሮ ይጠብሳል፣ ራሱ ይገዛዋል፣ ራሱ ይበላዋል፣ ትርፉን ለተቸገረው ይሰጣል። ከዚህ የተሻለ ብልሃት ያለው ካለ ይምጣ። የሬናቶ ፊት ግን ጭፍግግ አለ።

«ጭፈራ አይሆነንም፣ እማማ። ሕዝብ የሚያዝነው ለብቸኛ ሰው ነው። ‹ማንም በሬን አላንኳኳም፣ ጎረቤቶቼ ጨከኑብኝ› ይበሉ።»

«ልዋሽ?»

«ዋሹ አይባልም። አሳጠሩት ነው የሚባለው።»

ኦርቴንሲያ አየር ልትቀበል ብላ ወጣች። ግድግዳው ስስ ጣውላ ነውና ሰፈሩ በሙሉ ጆሮውን ለጥፎ ቆሞ ነበር።

«ሰምተናል» አለች ኢሳውራ። «በያ፣ በዪው!»

«ምኑን?»

«ጨካኞች ናቸው በዪ! እግር እኮ ነው፣ አበልጄ! እኔን በስሜ ጥሪኝ። ‹ድንች ሻጯ ኢሳውራ ቁራሽ እንኳ ነፈገችኝ› በዪ።»

«እኔስ?» አለ ወንበር ተሸካሚው ኤልሜር ቅር ብሎት። «ሴቨሪኖን ከነወንበሩ ጣለው በዪ።»

«አንተማ ጥለኸኝም ታውቃለህ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ደረጃው ሁሉ በሳቅ ተናጋ፤ ሬናቶ ብቅ ብሎ «እባካችሁ፣ ብቸኝነት እየቀረጽን ነው!» ብሎ ለመነ።

ኦርቴንሲያ ገብታ በይ የተባለችውን አለች። የኢሳውራን ስም ስትጠራ ዓይኗን ከጫማዋ ላይ አላነሳችም። ሬናቶ ሐፍረቷን ሐዘን መሰለውና በደስታ አጨበጨበ።

እግሩ መጣ። ሴቨሪኖ የኤልሜርን ትከሻ ይዞ ደረጃውን ወረደ፣ እንደ ሙሽራም ታጀበ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ሰፈሩ ቴሌቪዥን ያለበት ሱቅ ውስጥ ተሰብስቦ በራሱ ክፋት እየሳቀ አየ፤ ያኮረፈው ስሙ ተቆርጦ የቀረበት ኤልሜር ብቻ ነው።

በማግስቱ ኢሳውራ በሥጋ የተሞላውን የድንች ጥብሷን ይዛ እንደ ወትሮዋ ከኮረብታው ሥር ወዳለው ገበያ ወረደች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም አንድ አልተሸጠላትም። የቆዩ ደንበኞቿ ዓይን ዓይኗን እያዩ አለፏት። አንዷማ ቆም ብላ፣ «ለአካል ጉዳተኛ ቤት ቁራሽ የነፈግሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት።

ኤልሜር ወሬውን ሲያደርስ ኦርቴንሲያ ክው አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ ግን ቅቤዋን ይዛ ሮጠች። ከኢሳውራ ቅርጫት ጎን ቆማ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«እናንተ ሰዎች! የቴሌቪዥኗ ሴትዮ እኔ ነኝ! ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። ያበላችኝ ይቺ ናት!»

ሰው ተሰበሰበ። ዘንቢል ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ጉንጯን ዳበሰቻት።

«አይዞሽ እህቴ። ምን ብላ አስፈራራችሽ?»

«ኧረ ማንም አላስፈራራኝም! ዋሺ ያለችኝም ራሷ ናት!»

«ሰማችሁ?» አለች ሴትዮዋ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ዋሺ ብላታለች!»

ጉርምርምታው እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። አንዱ ኦርቴንሲያ እጅ ላይ ዳቦ አስቀመጠላት፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። ኦርቴንሲያ ከንዴት ብዛት እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ደግሞ ገበያው «ይኸው፣ ዛሬም አስለቀሰቻት!» አለ። የሰውን ልብ አንዴ በቴሌቪዥን ካሳዘኑት በኋላ በእውነት መመለስ እንዲህ ይከብዳል።

ኢሳውራ ያልተነካውን ድንች በጨርቅ ሸፈነች።

«በቃሽ፣ አበልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ባስረዳሽ ቁጥር እየከፋሁ ነው።»

ለመሳቅ ሞክራ ነበር፤ ሳቁ እምቢ አላት። ኦርቴንሲያ ጎንበስ ብላ የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ያዘች። ያንን ቅርጫት ለሁለት ተሸክመው ስንቴ ደረጃውን ወጥተዋል። ኢሳውራ የተሰበሰበውን ሰው ቀና ብላ አየችና የኦርቴንሲያን እጅ ቀስ አድርጋ አላቀቀች።

«ተዪው፣ አትንኪው» አለቻት። «አሸከመቻት ይሉኛል።»

ቅርጫቷን ብቻዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ደረጃውን መውጣት ጀመረች።