የፊታውራሪ ድንጋዮች

ባሌ ማህዲ ከጅቡቲ በላስቲክ ከረጢት ያመጣው የባሕር ዓሣ ያኔ ከመዳፍ አይበልጥም ነበር። ዛሬ ክንድ ሊያክል ምንም አልቀረው። ሰማያዊ ነው፤ በጎኑ ቢጫ መስመር ተጋድሞበታል። ቡሬ ካለው ቤታችን የሳሎኑን ግማሽ በያዘ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ማህዲ ጨው እየለካ በሚበጠብጥለት ውሃ ይኖራል። ፊታውራሪ ያልኩት እኔ ነኝ። መስታወቱን ልወለውል እጄን ሳስገባ ሊነክሰኝ ይመጣል። በገዛ ቤቴ!

የማህዲ ታናሽ ወንድም ጠሃ ፍኖተ ሰላም ላይ ብቻውን ይኖራል። የወንድሙ አመል ተጋብቶበት አንዲት ቢጫ የባሕር ዓሣ ያሳድጋል፤ ሎሚ ይላታል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የሎሚ መስታወት ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ፈሰሰ። ጠሃ ሎሚን በባልዲ አድርጎ፣ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ በሚኒባስ እኛ ቤት ደረሰ። ሱሪው ርሷል፣ ዓይኑም እንደዚያው።

«በዚህ ባልዲ እስከ ማታ አትቆይም። እባክሽ ኡምሀኒ!» አለኝ፣ ፊታውራሪን የማዘው እኔ ይመስል።

አስገባናት። ፊታውራሪ ከድንጋይ ዋሻው ተወርውሮ ወጣና ጅራቷን ቦጨቀው። በመረብ አወጣናት። ትንሽ አሳርፈን ደግመን ብንሞክር ይባስ ብሎ ጥግ አስያዛት። ወደ ባልዲው ስንመልሳት በጎኗ መጋደም ጀመረች። ጠሃ የባልዲውን ጠርዝ ይዞ ቁጢጥ አለ። በዓሣቸው ስቀልድ የኖርኩት ሴትዮ አብሬው ቁጢጥ አልኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ይርሳው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ለማህዲ በርበሬ የሚያመጡ ገበሬ ናቸው፤ በቀበሌያቸው የድንበር ጠብ ሲነሣ ያለ እሳቸው አይታረቅም።

«ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ ድንጋዩን አንድ ባንድ ያውቀዋል» አሉ። «እሱ ባለርስት፣ እሷ መጤ ሆና እንዴት ብለው ይስማማሉ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?» አለ ማህዲ።

«እኛ ስናስታርቅ ሁለቱንም ከማሳው እናወጣለን። አሮጌውን የድንበር ድንጋይ ነቅለን በአዲስ ቦታ እኛው እንተክላለን። ከዚያ እኩል ይገባሉ። ይህ የኔ ነበር የሚል አይኖርም።»

ማህዲ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መረቡን ከእጁ ነጠቅኩት።

ፊታውራሪን ለማውጣት ሦስታችን ተረባረብን። ምንጣፌ በጨው ውሃ ራሰ። በሌላ ባልዲ ከተትነውና ማህዲ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ድንጋዮቹን ነቀለ። ጋሽ ይርሳው ከሶፋው ሆነው «ያንን ወደ ግራ! አይ፣ እሱን ዘወር አድርገው!» እያሉ አስተከሉ። አንድ ዋሻ የነበረው ሁለት ሆነ፣ በቀኝና በግራ። ሁለቱን ዓሦች ባንዴ ለቀቅናቸው።

ፊታውራሪ ወደ ዋሻው ገሠገሠ። ዋሻው የለም። ዞረ፣ ድንጋዮቹን በአፉ ነካካ፣ ግራ ገባው። ሎሚን እንዳላያት አልፏት ሄደ። እሷም ቀስ ብላ ከግራው ዋሻ ገባች። ወንድማማቾቹ ተቃቀፉ።

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ይርሳው። «ካንድ ማዕድ ሳይበሉ ዕርቅ የለም።»

ወደ ቀያቸው የሚሄደው መኪና ደጅ ላይ ክላክስ እያሰማ ነው፤ እሳቸው ግን ሳላይ አልነሣም አሉ። ቆስጣ ቀቀልኩና አንዲት ቅጠል ብቻ ጠጠር ላይ አስሬ ከመስታወቱ መሃል አወረድኩ። ፊታውራሪ መጥቶ ገመጠ። ሎሚ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች፤ ተመለሰች። ጠሃ የማህዲን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። እንደገና ወጣች። የተቦጨቀ ጅራቷን እያወዛወዘች መጥታ ከቅጠሉ ወዲያኛው ጫፍ ገመጠች። ፊታውራሪ ቀና ብሎ አያት። መረቡን አነሣሁ። እሱ ግን ወደ ቅጠሉ ተመለሰና መብላቱን ቀጠለ።

እልልታዬን አቀለጥኩት! ጎረቤታችን ናጂሃ ሠርግ ያመለጣት መስሏት እየሮጠች መጣች። ጋሽ ይርሳው ጋቢያቸውን አስተካክለው «በሉ፣ ታርቀዋል» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ጠሃ ከመስታወቱ ፊት አልተነሣም። ሎሚ ቅጠሉን እስክትጨርስ አየና በሁለት እጁ ፊቱን ጠረገ።

«ኡምሀኒ» አለኝ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የሚበላ ነገር አለሽ?»