የአቦቦ ዝርዝር ብቻ

"ይህን ኮምፒውተር ማን ነው የነካው?" አኬሎ ጮኸች።

ትናንት ከቢሮ ስትወጣ ለአቦቦ፣ ለጎግ፣ ለኢታንግና ለጂካዎ ወረዳዎች ለየብቻቸው የተከፈቱ፣ ፋይል የሚቀመጥባቸው አራት ዳይሬክተሪዎች ነበሩ። እሷ ቤት ትላቸዋለች። በየቤቱ ‹መምህር› የሚል ስም የሰጠችው አንድ አንድ ፋይል አለ፤ የወረዳው አዲስ ተቀጣሪ መምህራን ዝርዝር። ዛሬ አዲስ አበባ ካልተላከ ዘንድሮ ቅጥር የለም። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ ፋይል ነው።

"እኔ ነኝ" አለ የክፍሉ ኃላፊ ረታ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። "አራት ቦታ መበታተን ምን ይሠራል? አንድ ዳይሬክተሪ ውስጥ ገልብጬ የድሮዎቹን አጠፋኋቸው። ክልል ሆነናል፤ ሥራችንም ወግ ይኑረው።"

"የፋይሎቹ ስም አንድ ነው እኮ! በየቤታቸው ሲሆኑ አይነካኩም። አንድ ቤት ሲያስገቧቸው ኋላ የመጣው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ኮምፒውተሩ ሳይጠይቅ ነው የሚያጠፋው!"

"ታዲያ የቱ ቀረ?"

ከፈተችው። መጨረሻ የተገለበጠው የአቦቦ ነበር፤ ሦስተኛው ተራ ላይ የወንድሟ የኦባንግ ስም አለ። ደሟ ፈላ። የሦስት ወረዳ ሰው ጠፍቶ የእሷ አገር ልጆች ብቻ ሲተርፉ፣ ኮምፒውተር ነው ያጠፋው ቢባል በዚህ ከተማ ማን ያምናል?

ዝርዝሩን ለማመሳከር የጂካዎን የእጅ ጽሑፍ ይዞ የመጣው የወረዳው መምህራን ተወካይ ኩዎል በር ላይ ቆሞ ሰምቷል።

"አቦቦ ብቻ?" አለ። "አንቺ የአቦቦ ልጅ ነሽ። እኔ ጂካዎ ሄጄ ምን እላለሁ? አኙዋኳ ለጎሳዋ አድልታ ሰረዘችን ነው የሚሉት።"

"እኔ አይደለሁም!"

"እሱን ለእነሱ ንገሪ።"

ረታ የአቦቦን ዝርዝር አትሞ ፖስታ ውስጥ ከተተ። "የአዲስ አበባው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ሦስቱን ከእጅ ጽሑፍ እንደገና መጻፍ አይደርስም። ያለው ይሂድ፣ የቀረው ለከርሞ ይታያል።" በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይኼ ነው።

"ያጠፉት እርስዎ፣ የምጠላው እኔ!" አኬሎ ፖስታውን ከእጁ ነጠቀችው። ዝርዝሩን አውጥታ የወንድሟን ስም አንድ ጊዜ አየችና ኪቦርዱ ሥር አስገባችው። "አራቱም ካልሄዱ አንዱም አይሄድም።"

"መኪናው ያመልጥሻል! የገዛ ወንድምሽ ነው የሚቀረው!"

"አውቃለሁ።"

ለኩዎል ወንበር ሳበችለት።

"ተቀመጥና አንብብልኝ። ከጂካዎ እንጀምራለን። አንደኛው ማን ነው?"