የወልደገሪማ ሰገነት

ጽገረዳ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ ስትለካ እንኳ ልቧ ቤቷ ነው። አባቷ አቶ ወልደገሪማ ከእንትጮ ለንግድ መጥተው ወልድያ መሃል ያሠሩት ፎቅ ቤት አምና «ታሪካዊ ቤት» የሚል ታፔላ ተለጥፎበታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ እንግዳ ሁሉ የከተማዋን ትንሽ ሙዚየም አይቶ ሲወጣ ወደ እሷ ቤት ይመጣል። ሰው መምጣቱ አልከፋትም። እንቅልፍ የነሳት መንገድ መንገዱን የሚያየው የእንጨት ሰገነት ነበር፤ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ አንድ ጎኑ ዘሟል።

የማስጠገን ፈቃድ ፍለጋ ቅርስ ቢሮ ተመላለሰች። የቅርስ ባለሙያው አማኑኤል ትሁት ሰው ነው፤ ሁሌም ብድግ ብሎ ወንበር ይሰጣታል።

«ወይዘሮ ጽገረዳ፣ ቅርስ ዝም ተብሎ አይነካም። ከክልል ባለሙያ ይመጣል።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

«እንግዲያው እስከዚያ ሰው አታምጡብኛ!»

«ሌላ ምን እናሳያቸው?» አላት። ሊያሾፍ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

አንድ ቅዳሜ አስጎብኚዋ ህሊና ከመርሳ የመጡ መምህራንን አስከትላ በሱቁ ፊት ስታልፍ ጽገረዳ አየቻት። ደንበኛዋን ከነጨርቁ ትታ ተከተለቻቸው። ግቢ ስትደርስ እንግዶቹ ፎቶ ሊነሱ ሰገነቱ ላይ ተደርድረዋል።

«ውረዱ! ስለ እግዚአብሔር ውረዱ!»

ሰላም ያለቻቸው መስሏቸው አንዱ እጁን አውለበለበላት። ወዲያው ጣውላው ጓ አለ። የአንዲት መምህርት እግር እስከ ጉልበቷ ሰጠመ፤ ህሊና በብብቷ ይዛ ጎትታ አወጣቻት። የወደቀ አልነበረም። የመምህርቷ ቅልጥም ግን ተልጦ ይደማል።

ጽገረዳ ቁስሉን እያጠበች በየመሃሉ ብድግ እያለች ሰገነቱን ታያለች።

«እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አለቻት መምህርቷ።

መቀመጥ አልቻለችም።

ሰኞ ማንንም ሳታስፈቅድ ዓሪፍ የሚባለውን አናጢ ከሐራ አስመጣች። ዓሪፍ አግዳሚውን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ምስጥ ጨርሶታል። በአላህ ኪነ ጥበብ ነው የቆመው።»

«ቀይረው።»

ዓሪፍ ታፔላውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ኋላ እኔን ቢጠይቁኝስ?»

«እኔ አለሁ። የተጠየቅኸውን ሁሉ ወደ እኔ በል።»

በማግስቱ አማኑኤል ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ምን አደረጉ?» ብሎ ጮኸባት፤ ጮኾባት አያውቅም ነበር። መልስ ሳትሰጠው ከወለቀው አግዳሚ ቁራጭ አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ጨበጥ ሲያደርገው እንደ በሶ ተበተነ።

ብናኙን ከመዳፉ አራገፈ።

«ሪፖርት ማድረግ አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «ሊከሰሱ ይችላሉ።»

«ልከሰስ። ከቤቴ ሬሳ ከሚወጣ እኔ ፍርድ ቤት ብቆም ይሻላል።»

አማኑኤል ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዓሪፍን፣ «ጌጥ የተፈለፈለበትን የእንጨት መደገፊያ እንዳትጥለው። እሱ ደህና ነው፣ መልሰህ ግጠመው» አለው።

ሰገነቱ ተሠርቶ አለቀ፤ የድሮው መደገፊያም ቦታው ተመለሰ። እንግዶችም እንደገና መምጣት ጀመሩ። ስለ ክሱ ግን ቀረም መጣም የሚል ወሬ የለም። ጽገረዳ አመሻሽ ላይ ወንበር አውጥታ አዲሱ ጣውላ ላይ ትቀመጣለች። ሆኖም ባጃጅ በሯ ላይ በቆመ ቁጥር መጥሪያ የመጣባት እየመሰላት ብድግ ትላለች።