ለብቸኛ መንገደኛ መርዶ አይነገርም

የአቶ መልከጼዴቅ አያት ግራዝማች ተሰማ፣ ከእርሳቸውም በኋላ አባታቸው ባላምባራስ ወልደጊዮርጊስ፣ በወረኢሉ አገር መርዶ ነጋሪዎች ነበሩ። ሥርዓቱን ያጸኑት እነርሱ ናቸው፦ መርዶ ለተራበ ሰው አይነገርም፤ ለብቸኛ መንገደኛም አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ፣ በዘመድ መካከል እንጂ። አቶ መልከጼዴቅ ይህንኑ ሥርዓት ላስ ቬጋስ ድረስ ይዘውት መጥተው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የብዙ ሐዘንተኛ በር በማለዳ አንኳኩተዋል።

ስለዚህ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ከጥንታዊቷ የሳቫና ከተማ ተመልሰው በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣቸውን ሲጠብቁ፣ ሊቀበሏቸው የመጡት፣ መርዶ አብረዋቸው የሚነግሩት አቶ ሀብተሥላሴ በአዳራሹ በተደረደሩት የቁማር ማሽኖች ጫጫታ መካከል፣

«እንኳን ደህና መጡ፣ መምህር። እህል ቀምሰዋል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሻንጣውን ለመሳብ የዘረጉት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ይህን ጥያቄ ያስተማርሁዎ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ነው?»

አቶ ሀብተሥላሴ ዘወር ብለው ይልማን አዩት። ይልማ የአቶ መልከጼዴቅ እኅት የስሜነሽ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ።

«ጋሼ፣ መኪናውን ሩቅ ነው ፓርክ ያደረግኩት። ቤት እንሂድና… ነገ ጠዋት…»

«እናትህ የት አለች?»

ይልማ ጭምብሉን ወደ ዓይኑ ሳበ። ሻንጣው ከፊታቸው አለፈ፤ ዞሮም ሁለተኛ መጣ፤ ማንም አላነሣውም።

ወደ ሳቫና የላከቻቸው ስሜነሽ ነበረች። በደሴ የታሪክ መምህር፣ እዚህ ደግሞ ባለታክሲ የነበሩት ወንድሟ፣ «በዚህ ከተማ ሕንፃ አያረጅም፤ ገና ሳይሸብት በድማሚት ያፈርሱታል» እያሉ ሲያማርሩ፣ «ወንድምዓለም፣ ያረጀ ነገር ካማረህ መስተዋት ፊት ቁም» ትላቸው ነበር። ሁለተኛውን ክትባት በወሰዱ ማግስት ግን ቲኬት ቆርጣ መጣች። «ሆቴሉ ገና አሁን ወደ ሥራ ጠራኝ፤ ፈቃድ መጠየቅ አልችልም እንጂ አብሬህ በሄድሁ። እይልኝ። ያየኸውን ሁሉ ላክልኝ።»

ስምንት ቀን ብቻቸውን ጎበኙ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አሥረው፣ በድንጋይ የተነጠፈውን የወንዝ ዳር ቁልቁለት ወረዱ። በባርነት የተያዙ ሰዎች የሠሩትን ጡብ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ሁሉንም ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩላት። «ያምራል፤ ደግሞ ላክ» የሚል መልስ ይመጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ሲደውሉ አታነሣም፤ «ኦቨርታይም ላይ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይከተላል።

መኪናው ውስጥ አቶ ሀብተሥላሴ ነገሯቸው። በጉዞው ሦስተኛ ቀን፣ ስሜነሽ ከሺፍት ስትመለስ፣ ደረጃ ላይ፣ ልቧ ቀጥ አለ። ቀብሩ በስድስተኛው ቀን ተፈጸመ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ሃያ ሰው ብቻ ቆሞ።

አቶ መልከጼዴቅ አልጮኹም።

«በስድስተኛው ቀን» አሉ፣ «በስድስተኛው ቀን ጀልባ ላይ ነበርሁ። ሙዚቀኞች ነበሩ። አጨብጭቤያለሁ።»

ከዚያ መኪናውን ወደሚነዳው ልጅ ዞሩ።

«ይልማ፣ መልሱን የሚጽፍልኝ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«በእናትህ ስም?»

«ምን ላድርግ? ብቻህን… ብቻዎን ነበሩ! መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሆቴል ክፍል ውስጥ ወድቀው ቢቀሩስ?»

«ልጁ ሥርዓት ነው የጠበቀው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «እኛ ሽማግሌዎቹም መክረንበታል።»

«አባቴ መርዶ ያቆዩ ነበር። የሞተ ሰው ሆነው ግን ለማንም መልእክት አልላኩም። ቢያንስ ‘ቶሎ ይምጡ፣ ታማለች’ ማለት አቃታችሁ? ለመቅበር እንኳ በደረስሁ።»

«ቢሰድቡኝም አልጸጸትም» አለ ይልማ መሪውን ጨብጦ። «በሕይወት መጥተዋል፤ እሱ ይበቃኛል።»

ወደ ፓራዳይዝ ሰፈር፣ ወደ አፓርትማቸው የሚወስደው መታጠፊያ ደረሰ።

«አትታጠፍ። መቃብሯ ዘንድ ውሰደኝ።»

«ሰው እኮ ምግብ ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ቤትዎ ይጠብቃል» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ይጠብቅ።»

መቃብሩ ገና ድንጋይ አልቆመለትም፤ ስሟ በወረቀት ተጽፎ በላስቲክ ተሸፍኗል። በተማሪ ፊት፣ በአለቃ ፊት፣ በስደተኛ መዝጋቢ ፊት ያልጎበጠው ጀርባ እዚያ ጎበጠ። አቶ መልከጼዴቅ አቧራው ላይ ተንበርክከው ግንባራቸውን አፈሩ ላይ ደፉ።

«ስሜ፣ እየቀበሩሽ አጨበጨብሁ። ይቅር በይኝ፣ እኅቴ፤ አላወቅሁም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ሊያነሡአቸው ቢጠጉ በእጃቸው ከለከሏቸው። ብዙ ካለቀሱ በኋላ ቀና ሲሉ፣ ይልማ ራቅ ብሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ መቃብሩን ሳይሆን ተራራውን እያየ ቆሟል። ዓይኑ ደርቋል።

«አንተስ?» አሉት። «እናትህን ከማን ጋር አለቀስሃት?»

«ከማንም።»

አቶ መልከጼዴቅ ኮታቸውን አውልቀው ከጎናቸው አፈሩ ላይ ዘረጉለት። ይልማ ጥቂት ቆሞ መጣና ተቀመጠበት። ሲናገር ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«ለእርስዎ ብዬ ብቻ አልነበረም፣ ጋሼ። ፎቶ ሲልኩ ስልኳ ይጮሃል። ስመልስልዎ… ያለች ይመስለኛል። እርስዎ ካወቁ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ተሳስቻለሁ።»