ቀስ በይ፣ ተኝቷል

መብራት የጠፋው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ጄኔሬተር ሁለቴ አስነጥሶ ጸጥ ሲል ሃያ ስምንቱም ሰፊዎች ተንጫጩ፤ አለቃውም "በቃ ሂዱ፣ ነገ ታካክሳላችሁ" ብሎ አሰናበታቸው። የኮሌታ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ልጅ ሳታንጠለጥል፣ የሚያስሮጣት ነገር ሳይኖር መንገድ ላይ መቆም እንዴት እንደሆነ ረስታው ነበርና ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገባት።

ግራ ቢገባት አይፈረድባትም። ይቺ ሴት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ቁርስ ትሠራለች፤ አምስት ዓመት የሞላውን ትልቁን ታለብሳለች፤ የሦስት ዓመቷ ትንሿ የለበሰችውን ስታወልቅ መልሳ ታለብሳለች፤ ሁለቱን ትምህርት ቤት አድርሳ ፋብሪካ የምትገባው እያለከለከች ነው። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እሷ ትሰፋለች፤ በምሳ ሰዓቷ ለውጥ ዘጠኝ ተኩል ላይ እንድትወጣ ተፈቅዶላታል። ትምህርት ቤቱ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ዘበኛው ደግሞ አንድ ደቂቃ ካለፈ ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ በኋላ ማጠብ ነው፣ ማብላት ነው፣ ማስታረቅ ነው። ባሏ፣ የማተሚያ ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ "ወይ ድካም" እያለ ሲገባ ልጆቹ ታጥበውና በልተው ለመሳም ብቻ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። እሷም አሳዝኗት ትራስ ታቀርብለት ነበር። አዎ፣ ትራስ።

የዚያን ቀን ጠዋት አለቃዋ ለሦስተኛ ጊዜ አስጠርቷት ነበር። የኮሌታው መስመር ኃላፊ ሁኚ አላት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችውን ሥራ ማለት ነው። ችግሩ፣ ኃላፊ የሆነ ሰው እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ባሏን ለምናው ነበር። "እኔ ራሴ የምወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ምን ላድርግ፣ ክንፍ ላብቅል?" አላት። እናቷንም ለምና ነበር። እናቷ ጉልበቷን እያሻሸች "ትምህርት ቤቱ ድረስ የምሄድበት እግር ከየት ላምጣ?" አለቻት። እናም ጠዋት "አልችልም፣ ጋሼ" ብላ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ታዲያ ያቺን ትርፍ ሰዓት ስታገኝ ምን አደረገች? ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሄዶ ይተኛ ነበር። እሷ ግን ለእናቷ ጉልበት ቅባት ገዛች።

የእናቷ በር ገርበብ ብሏል። ደጁ ላይ የወንድ ጫማ አለ፤ ሙጫ የደረቀበት፣ የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ የተቋጠረ። የቋጠረችው ራሷ ናት፣ ባለፈው እሁድ። መጀመሪያ የመጣላት እናቴ ወድቃ ባሌን ጠርተውት ነው የሚል ሐሳብ ነበር። በሩን ገፍታ ገባች።

እናቷ ከውስጥ ወጣች፣ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ያለ ምርኩዝ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

"ቀስ በይ፣ ተኝቷል" አለች በሹክሹክታ። ጎረቤት የገባች መስሏት ኖሯል፤ ልጇ መሆኗን ስታይ ክው ብላ ቀረች።

ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ያደገችበት ክፍል ነው፣ ያደገችበት አልጋ። መጋረጃው ተጋርዷል። ባሏ ብርድ ልብሱ እስከ ጆሮው ተስቦለት እንቅልፉን ይለጥጣል። ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ራስጌው ላይ ለአሥራ አንድ ተኩል የተሞላ የደወል ሰዓት ተቀምጧል።

ወጥ ቤት ገቡ። መጮህ አምሯት ነበር፤ ግን እናቷ ሹክ ስትል እሷም ሳይታወቃት ሹክ አለች። የራሷን ጉድ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስምንት ወር ይሆነዋል። ማተሚያ ቤቱ ፈረቃ ሲያወጣ እሱ ጠዋት ገብቶ ስምንት ሰዓት የሚወጣ ሆነ። አንድ ቀን ቧንቧዬን ሊጠግን መጥቶ እዚች ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለው። አንጀቴን በላው።"

"ስምንት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ?"

"እሁድ የለም" አለች እናት። "እቤት ከገባ ልጆቹ መች ይለቁታል? ትንሽ ላሸልብ ነው የሚለው። አይጠጣ፣ ሴት ጋ አይሄድ። የሰው ባል ስንት ያደርጋል።"

ሴት ጋ ቢሄድ ይሻላት ነበር። ያኔ የምትሰድባት ሴት፣ አብራት የምታለቅስ ጎረቤት፣ ስም ያለው ንዴት ይኖራት ነበር። እንቅልፍን ማን ብለው ይሰድቡታል?

"ስለ ሹመቱ ስለምንሽ ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር።"

"አደራ ብሎኛል፣ ምን ልበል?"

"ልጆቹን እሱ ማምጣት ይችል ነበር፣ እማ። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ሁለት መታጠፊያ ነው።"

እናትየው የድስቱን ክዳን አንስታ መልሳ ከደነችው። "አንቺ ጠንካራ ነሽ" አለች። "ከልጅነትሽ ጀምሮ። አንቺ ትችይዋለሽ። እሱ ግን ይሰበርብናል ብዬ ፈራሁ።"

ጠንካራ ነሽ የሚለውን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ እንደ ምርቃት ስትቀበለው ኖራለች። ለካስ ጠንካራ ማለት የማይታዘንለት ሰው ማለት ኖሯል።

ስልኳን አውጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች። "ጋሼ፣ የጠዋቱን ይተውልኝ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆየት እችላለሁ" አለች፣ አሁንም በሹክሹክታ።

"ምነው ጠዋት ብትይኝ፣ ልጄ" አላት። "ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ እኮ። መብራት ሳይጠፋ ለድንቡሼ የሹመት ደብዳቤዋን ሰጠኋት።"

ድንቡሼ የሚሏት ልጅ የዛሬ ሁለት ዓመት ስትቀጠር ኮሌታ ማዞር ያስተማረቻት እሷ ናት። ጎበዝ ናት፣ ልጅ የላትም፣ ምንም አላጠፋችም።

ከዚያ በኋላ ሹክሹክታው በቃት። ክፍሉ ገብታ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

ባሏ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ እሷን። የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ እንደታተመ፣ ምላሱ ሳይደናቀፍ፣ "ዛሬ እኮ ቀደም ብለው ለቀቁን" አለ። "ራሴን ሲያመኝ ጊዜ ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ ነው።"

ይህን እንኳ ጠብቃዋለች። ያልጠበቀችው ከኋላዋ የመጣውን ድምፅ ነው።

"አዎ" አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ዛሬ ብቻ ነው። አሁን ገና መግባቱ ነው፣ ልጄን አሞት።"

ወጥ ቤት ያወሩት ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ሴትዮዋ ባሏን ትታ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ እንዲያውም ይህንንም ትችይዋለሽ በሚል ዓይን አየቻት።

ባሏ ተነስቶ ሸሚዙን ለበሰ። "አሥር ሰዓት እየደረሰ ነው እኮ" አለ። "ልጆቹን ማን ሊያመጣቸው ነው?"

ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሄደው ብቻዋን ከቀረች ትንሿ ታለቅሳለች። እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የሚሆነውን ማየት አማራት፤ ግን ልጆቹ ምን በደሉ? ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። አንዳቸውም አልተከተሏትም፤ እንደምትሄድ ያውቃሉ።