የሰባት ደቂቃ ውሸት

ካልዋ ባቡር ጣቢያ ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ማስነጠስ ያማረው እንኳ ተራ ይዞ ነው የሚያስነጥሰው። በዚያ ግፊያ መሀል፣ የሴቶቹ ፉርጎ የሚቆምበትን በሚያሳየው ዥንጉርጉር ምሰሶ ሥር፣ ሊስትሮው ናምዴቭ ሣጥኑን አስቀምጦ ይዋሻል። ጫማም ይጠርጋል፤ ዋና ሥራው ግን ውሸት ነው።

ምክንያት አለው። ከምሰሶው ወዲህ ወንዶች፣ ወዲያ ሴቶች ይሰለፋሉ። ማንዳር ከወዲህ፣ ሚስቱ ሱሬካ ከወዲያ ምሰሶውን ተደግፈው ይቆማሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ዘጠኝ ነፍስ ይተኛበታል። እዚያ ባልና ሚስት "ውሃ አቀብይኝ" ከማለት አያልፉም። የልባቸውን የሚያወሩት ባቡሩ እስኪመጣ ባለችው ሰባት ደቂቃ ነው። ሰው ደግሞ ጆሮ አለው። እናም ናምዴቭ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንን ጆሮ ሁሉ ወደ ራሱ ሲሰበስብ ኖረ። ባቡሩን ከጎርፍ ጎትቶ ያወጣውን የናምዴቭን ዓሣ የማያውቅ ካልዋ ውስጥ የለም።

"ውሸታም!" ይሉታል የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ፓራንጃፔ፣ ጫማቸውን እያስጠረጉ። "ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነበር?"

"ሚዛኑ ተሰበረ እንጂ ልነግርዎት ነበር፣ ጌታዬ።"

ዐርብ ዕለት ማንዳር ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ለሰኞ ረዘም ያለ ውሸት አዘጋጅልኝ" አለው። ናግፑር ሥራ አግኝቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር የሚያስኬድ አገር፤ ሚስት ይዞ መሄድ ደግሞ የለም። መልሱን ሰኞ እስከ ቀትር መስጠት አለበት። አባቱ ሂድ ብለዋል፣ እናቱ ሂድ ብለዋል፣ ጎረቤት ሳይቀር ሂድ ብሏል። ሱሬካን የጠየቃት የለም።

እሑድ ናምዴቭ በረዶ የገባበት የሸንኮራ ጭማቂ አራት ብርጭቆ ገለበጠ። ሰኞ አፉን ቢከፍት የዛገ በር ድምፅ ወጣ።

ማንዳር ወደ ምሰሶው ተጠጋ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ጸጥ። ያ ሁሉ ሰው የናምዴቭን ወሬ እየጠበቀ አፉን ዘግቷል። ሱሬካ ከንፈሯን ከፈት አደረገች፤ ከጎኗ የቆመች፣ ባሚያ ያንጠለጠለች ሴትዮ አንገቷን አሰገገች፤ ሱሬካ መልሳ ዘጋችው። ናምዴቭ ሣጥኑን በብሩሽ ደበደበ፤ "እ…" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ እምቢ አለው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አንድ ጎሽ ነበረ!"

አቶ ፓራንጃፔ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋሽተው አያውቁም፤ ላብ አጥምቋቸዋል። "ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አንድ ጎሽ… እዚሁ… አንደኛ ማዕረግ ተሳፈረ።"

ሰው ሁሉ ዞረ።

"የወር ቲኬት ነበረው?" አለ አንዱ።

"በሚገባ! ችግሩ ፎቶውን የተነሳው ጥጃ ሳለ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪው 'ይሄ አንተ አይደለህም' አለው።"

ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። ባለባሚያዋም ሳቀች። ናምዴቭ ከምሰሶው አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ ግን ሱሬካ የመለሰችውን እሱም አልሰማም። ያየው የሱሬካ ጣቶች ምሰሶውን ዞረው የማንዳርን እጅጌ ጨብጠው ሲይዙ ብቻ ነው።

ባቡሩ መጣ። ማንዳር በሰው ማዕበል ተነጥቆ ገባና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦ "ጋሼ! ነገ ድምፅህ ይመለሳል አይደል? ከነገ ወዲያም እንፈልግሃለን!"

ናምዴቭ አንገቱ እስኪቀነጠስ ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ፓራንጃፔ አንድ ጫማቸው ተጠርጎ፣ አንዱ አቧራ እንደለበሰ እዚያው ቀሩ። "አመለጠኝ! በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ!" አሉ። ከዚያ ወደ ናምዴቭ ጎንበስ አሉ፦ "ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ የቆምኩት ለዓሣህ መሰለህ እንዴ? በል ዝንጅብል ጠጣ። ጎሹን ነገ አንተ ትጨርሰዋለህ፤ እኔ ከባቡር እንዴት እንደማወርደው ቸገረኝ።"